የደጋኑ ጅማት

የካቲት 19

መጀመሪያ ይህ ይታወቅ። የደጋን ጅማት የሚለወጠው ሳይበጠስ ነው። ከተበጠሰ በኋላ የሚደረገው ጥገና እንጂ ለውጥ አይባልም።

እኅቴ የትነበርሽ ጥጥ የምትነድፈው በደጋን ነው። የጎበጠ እንጨት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተወጠረ የበሬ ጅማት። ጅማቱን ጥጡ ውስጥ አስገብታ በጣቷ ስትመታው ጥጡ ይፍታታል፣ ጉም ይመስላል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ይዛ መጥታ እዚህ ቀሐ ሰፈር እኔ ቤት ነው የምትኖረው። ሃያ ዓመት ሆናት። መንደፉና መፍተሉ የሷ፣ ደጋኑን መጠበቅ የኔ።

ጅማት በየሁለት ዓመቱ እለውጣለሁ። መዝገቡን አየሁ፤ የመጨረሻው መጋቢት 2015። እንጨቱን ግን ባለፈው ጥር ቀይሬዋለሁ። ወይራ ነው፣ ጠንካራ። አሮጌው ልሞ ነበር።

ዛሬ ጅማቱን በማጉያ መነጽር መረመርሁት። ታችኛው ቋጠሮ አጠገብ ሦስት ክሮች ተነሥተዋል። በቀይ ቀለም ምልክት አደረግሁበት።

የካቲት 24

ጠዋት ከሥራዋ ላይ ጠራችኝ።

"አያ፣ ድምፁ ተበላሽቷል።"

"እንዴት?"

"ድሮ ይጮህ ነበር። አሁን ያጉረመርማል።"

ድምፅ መለኪያ አይሆንም አልኋት። ሳቀች። "አንተ ካልመዘገብኸውማ ሰውም አይታመም!"

የምትነድፈው ለልጇ ለሥርጉት ነው። አግብታ አዲ አርቃይ ያለችው። ግንቦት ላይ ትወልዳለች፣ የመጀመሪያዋ። ለሕፃኑ ጋቢ... እናት ሳትፈትል ይወለዳል እንዴ፣ ትላለች። በቀን ሰባት ሰዓት ታጎነብሳለች።

መጋቢት 3

ካሣዬ መጣ። ሸማኔው። ፈትል ሊወስድ። ደጋኑን አንሥቶ ወደ ብርሃን አዞረው።

"ይሄማ አልቋል፣ አያ አዘዘ። ምነው አይለውጡትም?"

"ሁዳዴ ነው። በሬ የሚያርድ የት አለ?"

"አዲስ ዓለም ሰፈር አለ እንጂ። የእስላሞቹ ሥጋ ቤት ክፍት ነው። ጅማት ብለው ቢጠይቋቸው ይሰጡዎታል። ጎረቤት አይደሉም?"

 ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርሁ ሰው፣ በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤት በር ላይ ቆሜ... ማን ያየኛል? ያላስተማርሁት ማን አለ?

"ከፋሲካ በኋላ" አልሁት።

"እንግዲያስ ከመዝገብዎ አንድ ገጽ ቀደው ይጠቅልሉበት። እሱ ጾም አያስገድፍም።"

የትነበርሽ እንዝርቷን ጥላ ሳቀች። እኔም ፈገግ አልሁ። መዘገብሁ። ለውጥ፣ ሚያዝያ 13፣ የፋሲካ ማግስት። አርባ ቀን ቢዘገይ ምን ይሆናል?

መጋቢት 18

ስድስት ክሮች። ሃያ አምስት ቀን ይቀራል።

መጋቢት 23

ተበጠሰ።

መጋቢት 24

ትናንት መጻፍ አልቻልሁም። ዛሬ በቅደም ተከተል።

ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ። እኔ ጓዳ፣ እሷ መስኮቱ ሥር። የጅራፍ ድምፅ የመሰለ ነገር ሰማሁ። ከዚያ "አያ" አለች። አልጮኸችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብላ። ስወጣ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛለች። ጭኗ ላይ ያለው ጥጥ ቀልቷል።

ጅማቱ ሲለቅ እንጨቱ ተስፈንጥሮ በጫፉ ግራ ዓይኗን ወጋት።

የተበጠሰው ቀይ ምልክቴ ላይ ነው። ልክ ምልክቱ ላይ።

አዲስ እንጨት አሮጌ ጅማትን ቶሎ ይጨርሳል። ይህን አላውቅም ነበር? አውቃለሁ። ተማሪ ቢጠይቀኝ ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረዳው ነበር። ጥር ላይ እንጨቱን ለወጥሁ፣ ጅማቱ ግን ቀኑ አልደረሰም ብዬ ተውሁት። እሷ በጆሮዋ ነገረችኝ። ካሣዬ በዓይኑ አይቶ ነገረኝ። እኔ መዝገብ አየሁ።

መጋቢት 27

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አቆመችኝ።

"አባባ፣ ግራው አይመለስም። መውጣት አለበት። ከተጎዳ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልወጣ ጤነኛው ዓይን ሊታመም ይችላል። አንዳንዴ ይጠፋል።"

"ሁለት ሳምንት ከመቼ?"

"ከተወጋችበት ቀን።"

ቆጠርሁ። ሚያዝያ 7።

የትነበርሽ እምቢ አለች። "ጠበል እጠመቃለሁ። ጎደሎ ሆኜ አልቀበርም።" ለመንኋት። በመጨረሻ "ሥርጉት እሺ ካለች እሺ" አለች። አዲ አርቃይ ስልክ ከተቋረጠ ወር አልፎታል።

"ጻፍላት። ግን ቅርንጫፍ ወጋኝ በል።"

"ለምን?"

"ነፍሰ ጡር ናት፣ አትደንግጥ።" ፋሻውን ነካ ነካ አደረገችው። "ደግሞ አንተን እንዳትጠላ። ያሳደግኻት አንተ ነህ።"

ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆምሁ። ብዙ ቆምሁ።

መጋቢት 28

ካሣዬ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። እርጥብ ጅማት። ከአዲስ ዓለም። ሄዶ እስኪመለስ ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም።

"ያየህ ሰው አለ?" አልሁት። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?

"ማንም ቀና ብሎ አላየኝም፣ አያ አዘዘ።"

 ጅማቱን ጥላ ውስጥ ሰቀልሁት። ማን ሊነድፍበት?

መጋቢት 29

መንገዱ ለጊዜው ተከፍቷል አሉ። ሹፌሩ ነጋ ነገ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል አዲ አርቃይ ይወርዳል። ደብዳቤ ይዞልኝ ይሄዳል።

መጀመሪያ "ቅርንጫፍ" ብዬ ጻፍሁ። ሸጋ ደብዳቤ ነበር፣ አንድ ስርዝ የለበትም። ቀደድሁት። ለየትነበርሽም ነገርኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፣ ግን አትላክ አላለችም። የሁለተኛው ግልባጭ ይኸው። መዝገቡ ውስጥ የማሰፍረው የመጨረሻው ነገር ነው። ከእንግዲህ ሲነግሩኝ እሰማለሁ።

ልጄ ሥርጉት፣

ቁጭ ብለሽ አንብቢ። እናትሽ በሕይወት አለች፣ ትበላለች፣ ትናገራለች። ግራ ዓይኗ ግን ጠፍቷል። ጥጥ ስትነድፍ የደጋኑ ጅማት ተበጥሶ እንጨቱ ወጋት። ጅማቱ ማለቁን አውቅ ነበር። እሷም ነግራኝ ነበር። በጾም ሥጋ ቤት በር መታየት አፍሬ አዘገየሁት። ጥፋቱ የኔ ነው። ቅርንጫፍ ነው ብላ ልትሸፍንልኝ ፈልጋ ነበር፤ እምቢ አልኋት። ብትጠዪኝ አልፈርድብሽም። እሱ ግን ይቆይ።

አሁን የሚያስቸኩለው ሌላ ነው። የተጎዳው ዓይን እስከ ሚያዝያ 7 ካልወጣ ቀኙም ሊጠፋ ይችላል። ያለ አንቺ ቃል አልፈቅድም ብላለች። ነጋ አዲ አርቃይ አንድ ቀን ብቻ ያድራል። ረጅም አትጻፊ። አንድ ቃል ይበቃል፣ ግን በገዛ እጅሽ ይሁን። ፊደል ሳስቆጥርሽ አጠገባችን ተቀምጣ አብራሽ የቆጠረች ናትና እጅ ጽሑፍሽን ትለየዋለች። በቀኝ ዓይኗ ዛሬም ታነባለች።

ቶሎ መልሺልኝ።