አፍ ተከራይቼ የገዛሁት ቤት

ይድረስ ለማከብርዎ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመዋል? ብርድ ሲነካው የሚነሳብዎ ወገብዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎስ፣ ያ ሳል ለቀቃት? የእማዬ ጉልበት ደረጃ ያስወጣታል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ተናድጃለሁ እንጂ አልታመምኩም።

ያናደደኝ የላኩብኝ መልእክት ነው። «ገንዘብ ከፍለሽ አፍ ትከራያለሽ? መጥቼ እስክደራደርልሽ ቁጭ በይ» ብለዋል። እማዬን ኪራይ ቤት አልልካትም፣ የራስሽ ጣራ ሲኖርሽ ትመጣለች ካሉኝ ደግሞ አራት ዓመት ሆነ። እርስዎ እስኪመጡ ብንጠብቅ እሷም እዚያ እኔም እዚህ ቁጭ ብለን እናረጃለን። ስለዚህ አልጠበቅኩም። ቤቱን ገዝቻለሁ፤ አዎ፣ አፍ ተከራይቼ ነው።

ለምን እንደተከራየሁ ልንገርዎ፤ ጥፋቴን አልደብቅም። ከዚህ በፊት ያየሁትን ቤት ያጣሁት በራሴ አፍ ነው። ሻጯ አዛውንት ሴት ነበሩ፤ እጄን ይዘው ከክፍል ክፍል አዞሩኝ። እኔም ይሉኝታ ይዞኝ፣ እንዴት ደስ ይላል፣ እናቴ እዚህ መስኮት ሥር ስትቀመጥ ታየኝ አልኳቸው። በማግስቱ ዋጋው ጨምሮ ከአቅሜ በላይ ሆነ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ፤ ሁለተኛውን እርስዎ ያውቁታል። እኛ ቤት ያደገ ሰው በሰው ቤት ቆሞ «ይሄ ጉድለት ነው» ማለት አይሆንለትም። እርስዎስ ቢሆኑ? የሚነቃነቅ ጠረጴዛ ገዝተው ነጋዴውን መርቀው የተመለሱት ማን ነበሩ?

የተከራየኋት ተደራዳሪ ደላላ አይደለችም። ደላላው የሚከፈለው ከሻጩ ነው፤ ዋጋው ሲያድግ የእሱም ድርሻ ያድጋል። እሷ የምትቆመው ለገዢ ብቻ ነው፤ ቤቱ ቢወደድም ቢረክስም ክፍያዋ ያው ነው። ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ የነካው ነው፣ ምክንያቱም ወደ ቤቱ ከመግባቷ በፊት ጓሮውን ትዞራለች። ለእኔ የሰጠችኝ ትእዛዝ አንድ ነው፦ እዚያ ቤት ውስጥ ትንፍሽ እንዳልል። ዝም አይነቅዝም ብዬ ተስማማሁ።

ይህን ቤት ልናይ ስንገባ የሻጩ ደላላ ሊያናግረኝ ያልሞከረው ዘዴ የለም። ወጥ ቤቱን እንዴት አዩት ይላል፤ ከሰዓት ሌላ ገዢ ይመጣል ይላል። እኔ ጣራ ጣራውን አየሁ። ግን ሃያ ዓመት መጋረጃ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ዓይኔን ምን ላድርገው? የኋላው ክፍል መጋረጃ ከመስኮቱ በአንድ ክንድ ይሰፋል፣ ያውም በአንድ ጎን ብቻ። እንዲህ ጨርቅ የሚያባክን ልብስ ሰፊ የለም። ተደራዳሪዋን በክርኔ ነካ አድርጌ በዓይኔ አሳየኋት። ሄዳ ሰበሰበችው። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ረጥቦ ቀለሙ ተላልጧል።

ደላላው ይሄ ቀላል ነገር ነው አለ። እሷም ቀላል ከሆነ ከፊርማው በፊት ተሠርቶ ይቆየን፣ ዋጋውም ይውረድ አለችው። ይሄኔ በይሉኝታዬ ሊይዘኝ ወደ እኔ ዞረ።

«እርስዎስ ምን ይላሉ እህቴ?»

ምን ችግር አለው የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

«እሷ ያለችው ነው» አልኩት።

ወንድም ጋሼ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ የጣመኝ ንግግር የለም። ሻጩ ቅር እያለው ግድግዳውን አሠራ፤ ዋጋውም ወደምችለው ወረደ። ፈረምኩ።

ሰነዱ በእኔ ስም ነው። በእርስዎ ስም ይሁን ያሉትን አንብቤዋለሁ፤ አይሆንም። አሳድገውኛል፣ አልክድም። ያሳደጓት ልጅ ሰው ሆና ስትወጣ ይኩሩባት እንጂ አይቆጧት። የኋላው ክፍል የእማዬ ነው፤ መጋረጃውን በመስኮቱ ልክ ሰፍቼዋለሁ። ጣራው ይኸው፤ አሁን የቀረው የእርስዎ ቃል ነው። ይላኳት።

ባለቤትዎን ይሳሙልኝ፤ በሳሏ ላይ መስኮት ከፍታ እንዳትተኛ። ትልቋን ልጅዎን አክስትሽ ቀሚስሽን ጀምራልሻለች ይበሏት። ትንሹን የወለቀ ጥርሱ ላይ ይሳሙልኝ። ለእማዬ ይህን ደብዳቤ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላት፣ አንድም መስመር ሳይዘሉ። የቤቱ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሷ። እርስዎ ሲመጡ ያንኳኩ፤ ሮጬ እከፍትልዎታለሁ።

አክባሪ እህትዎ

ከገዛ ቤቴ፣ ከእማዬ መስኮት ሥር
ኅዳር ፲፬ ቀን