የሺራ ቦታ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ከትምህርት ቤት እንደገባሁ የእህቴ የሺራ ስልክ ጮኸ። ሺራ ከሞተች ወዲህም እማዬ ቻርጅ ማድረጉን አልተወችም። የደወለችው ሴት ከአገር አቀፉ የልጃገረዶች የቁንጅና ውድድር ነበረች። ሺራ ለመጨረሻው ዙር አልፋለች፣ እሑድ ቴል ሞንድ ከተማ ልምምድ አለ አለችኝ።

እኛ የእስራኤል ኢትዮጵያውያን ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ሄዶ፣ ሰውየውን አስቀምጦ ነው የሚያረዳው። ስለዚህ «አትመጣም» ብቻ አልኳት።

«ያቺ ሳቂታ? ፈራች እንዴ?» ብላ ሳቀች። «ንገራት፣ እስከ እሑድ ቦታዋን ለማንም አልሰጥም።»

«ማነው የኔ ልጅ?» አለች እማዬ ከወጥ ቤት።

«ተሳስተው ነው።»

እሑድ አጎቴን ይዤ ሄጄ ለደወለችው ሴት እነግራታለሁ። እስከዚያ ግን ሺራን የሚጠብቅ አንድ ሰው አለ።