መዞሪያ የሌለው ጥርኝ

ጥቅምት 8። ከንጋት ሶላት በኋላ።
የጥርኙን ዝባድ ፋቅሁ። ነጋዴ ለሽቶ የሚወስደውን። የቀንድ ማንኪያዋን ጫፍ እንኳ አልሞላም። ሥጋውን ዛሬም አልነካ። ስማ ደብተር፦ የምናገረውን ልጄ ዘሃራ ትጽፍብሃለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጸጉሬ የሸበተው ግን ጥርኝ ቤት ነው። ይህ ቤት እንግዳ አያስገባም ነበር። ዘሃራ ለመነችኝ፤ ከጅማ ኮሌጅ ጥርኝ ልታጠና የመጣችውን ዶ/ር ሰላምን አስገባሁ። ይኸው ጥርኙ ታመመ። ዓይን ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል።

ጥቅምት 9።
ዶ/ር ደግማ መጣች። ሥጋ የሚበልት ይበልታል፣ የሚያርስ ያርሳል። ይቺ ግን አጥንቱንም፣ አስተዳደጉንም፣ አመሉንም፣ የጥንት ዘሩንም በአንድ ገመድ ካላሰርኩ ትላለች። አንዱ ያለ ሌላው አይገባም ባይ ናት። ግልገሉ ስንት ወር ይጠባል አለችኝ። እኛ ወንዱን ብቻ ነው የምናጠምደው፤ ሲወለድ የት አይቼ። ዘሃራ ሳቀች። ተናደድኩ። ዳግም እንዳትመጪ ብዬ አባረርኳት።

ጥቅምት 12። ከዐስር ሶላት በኋላ።
ዓይኗ ከሷ ጋር ሄደ፤ ጥርኙ አሁንም አይበላም። ማል ጎና፣ ምን ላድርግ።
ዘሃራ በስልኳ አሳየችኝ። በሸቤ ጫካ ውስጥ ዶ/ር ሰላም ዛፍ ላይ ካሜራ አስራ የቀረጸችውን ነው። የዱር ጥርኝ መጣ። አሸተተ። ዞረ። ጀርባውን ሰጥቶ ዛፉን ዝባድ ቀባ። ሄደ። ሌላው መጥቶ ያንኑ አሸተተ። ዝባድ ለኛ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለራሳቸው ነው።
ዞረ ነው የምልህ። የኔው መዞሪያ የለውም። ማጎሪያውን አባቴ ያጠበበው ሲፋቅ ዞሮ እንዳይነክስ ነው። የጫካው ወገብ ቀጥ ያለ ነው። የኔው ጎብጧል። ጥርኝ ሲፈጠር ጎባጣ ነው ስል ኖሬያለሁ። ተቃጠልኩ። በማን እንደሆነ አላውቅም።

ጥቅምት 13። ጧት።
ለዶ/ር ደወልኩላት። ብለቀው ጫካ ይኖራል ወይ አልኩ። በትንሽነቱ የታሰረ አደን አልተማረ፣ እንጃ አለች። ዶክተር እንጃ ስትል ደስ አለኝ። ይሄን አትጻፊ።
«አባ፣ መጀመሪያ መዞሪያ ይስጡት። ከዚያ አብረን እናያለን» አለችኝ ዶ/ር።
ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ነይ አልኳት፣ በቃ።
መጥረቢያውን ስያለሁ። ማጎሪያው ይፈርሳል፤ ቤቱ በሙሉ የሱ ይሁን። ከእንግዲህ ማን ይዞ ዝባዱን ይፍቃል? እንጃ። ዘሃራ፣ እስክሪብቶውን ተይና በሩን ያዢልኝ፤ እንዳያመልጥ