አቤት ያለው ባዶ ቤት

ውድ አባ ጴጥሮስ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እጅዎን እስማለሁ። ይህን መስመር በ«እርስዎ» የጻፍኩት ለቀሚስዎ ክብር ነው። ከዚህ በታች ያለው ግን በጀርባዬ አዝዬ ወንዝ ላሻገርኩት ለእህቴ ልጅ ስለሆነ «አንተ» እልሃለሁ። ቅር ካለህ ለጳጳሱ ክሰሰኝ።

ስልክህን ካጠፋህ ሁለተኛው ሳምንት ገባ። መጨረሻ የደወልክ ቀን ያልከኝ ቃል በቃል በጆሮዬ አለ። «አጎቴ፣ እዚህ መንደር፣ ቶሬ ሳላታ ከመጣሁ ወዲህ ያጠመቅኩት ሕፃን የለም። ሥራዬ መቅበር ብቻ ሆነ። የመጨረሻውን ሰው ቀብሬ ቁልፉን የማስረክብ ዘበኛ ነኝ» አልክ። እኔም እንደ ልማዴ፣ «ዘበኛ ከሆንክማ የሌሊት አበል ጠይቅ» አልኩህ። አልሳቅህም። «ቅስናውን ብተወው ትቀየመኛለህ?» ብለህ መልሴን ሳትሰማ ዘጋኸው። ያቺን ቀልድ መልሼ ብውጣት እወድ ነበር።

የምጽፍልህ ሮም፣ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ውስጥ፣ የምሠራበት ቅመም ቤት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ዛሬ እርዱን ከከሙኑ ጋር ደባልቄው አለቃዬ «እንዳሻው፣ ታመሃል እንዴ?» አለኝ። አልታመምኩም። ሐሳቤ እዚያ ባሕሩ ዳርቻ፣ አንተ ጋ ነው።

ትናንት የእኛዋ መነኩሲት ሲስተር አመተ ማርያም በርበሬ ልትገዛ መጥታ ነበር። ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ፣

«አቶ እንዳሻው፣ ከአባ ጴጥሮስ ወሬ አለዎት?» አለችኝ።

«እኔ አንቺን ልጠይቅ ስል ቀደምሽኝ።»

«ጳጳሱ የመንደሩን ቁምስና ከጎረቤት ከተማ ጋር ሊቀላቅሏት አስበዋል። እሱ እቆያለሁ ካለ ይተዉአታል። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ መስጠት አለበት፤ ግን ለማንም ስልክ አያነሳም። ይጸልዩለት።»

«ሲስተር፣ እኔ መጸለይ ስጀምር እግዚአብሔር ‹ይሄ ደግሞ ዛሬ ምን ሊያሾፍ ነው› ይላል።»

እሷ ሳቀች። እኔ በርበሬዋን መዝኜ ሂሳብ መቀበሉን ረሳሁት።

ማታ አንድ ክፍል ለምንጋራው ለረዳ ነገርኩት። «አሎራ፣ ታዲያ ካህን እኮ ነው፣ ምን ይሆናል?» አለኝ። «አንተ ፔርሜሶህ፣ የመኖሪያ ፈቃድህ የዘገየ ጊዜ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ከርመህ የለም? ካህን ሆድ የለውም?» አልኩት።

ዛሬ ጠዋት የመንደራችሁ ቡና ቤት ስልክ ቁጥር ትዝ አለኝና ደወልኩ። ፋሲካ ያገኘኋቸውን አሮጊት፣ ዶና አሱንታን፣ ስልኩ ላይ አቀረቡልኝ። አምስተኛ ክፍል ያልደረስኩ ሰው ነኝ፣ ጣልያንኛዬም የካርቶን ላይ ጽሑፍ እያነበብኩ የለቀምኩት ነው፤ ያሉኝን ግን በደንብ ገባኝ። «ቅዳሴ ይቀድሳል፤ ከዚያ ቤቱ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ሾርባ ወስጄ ባንኳኳ አልከፈተም» አሉኝ። ደንግጬ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። የሰው ሁሉ በር የሚያንኳኳው ሰው የራሱን ዘጋ ማለት ነው።

ባለፈው ፋሲካ እንግዳህ ሆኜ መጥቼ፣ ጸበሉን ይዘህ ቤት ለቤት ስትባርክ የተከተልኩህን አስታውስ። ባልዲውን ዶና አሱንታ ይዘውልህ ነበር። ዳገቱን እየወጣን የመንደሯን ታሪክ ነገርከኝ። በፈረንጆቹ በ1951 ቆጠራ ሦስት ሺህ ሰው ነበረባት። ሃያ ዓመት ቆይቶ ሲቆጠር ግማሹ የለም፤ ከዚህ ቤት ዘጠኝ ነፍስ ወደ አርጀንቲና፣ ከዚያኛው ሰባት ወደ ቶሪኖ ፋብሪካ፣ ከማዶው ደግሞ ወደ ጀርመን። በ2001 ወደ ሰባት መቶ ወረደች። አሁን ሁለት መቶ አይሞሉም፤ ካሉትም ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ መውጣት አይችሉም። እኔ ከጦርነትና ከረሃብ ሌላ አገር የሚያራግፍ ነገር አላውቅም ነበር። «እዚህ ያልተሰደደው ባሕሩ ብቻ ነው» አልኩህ፤ ያን ጊዜ ስቀህልኛል።

ባዶውንም ቤት ሳትዘል ታንኳኳ ነበር። ማንም እንደሌለ እያወቅህ ሦስት ጊዜ መትተህ፣ ጠብቀህ፣ ደፉ ላይ ጸበል ረጭተህ ታልፋለህ። እኔ ደግሞ ካልቀለድኩ አይሆንልኝም። በጓሮ ዞሬ፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት ያለው ባለ ሰማያዊ በር ቤት ውስጥ በተሰበረው መስኮት ገባሁ። ስታንኳኳ ከውስጥ «አቤት» አልኩ።

አንተ ደረጃው ላይ ተቀምጠህ እንባህ እስኪመጣ ሳቅህ። ዶና አሱንታ ግን ባልዲውን ለቀቁት። ለካ የወንድማቸው ቤት ኖሯል። ቶሪኖ ሄዶ እዚያው ከሞተ ወዲህ ከዚያ በር ጀርባ ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም። ይቅርታ ልለምናቸው ስወጣ ክንዴን ይዘው መልሰው አስገቡኝና በሩን ራሳቸው አንኳኩ። «አቤት» አልኩ። «አንኮራ» አሉኝ፤ ድገመው ማለታቸው ነው። ደገምኩት። በኋላ ምን ማለት እንደሆነ ቢጠይቁህ፣ «ስንጠራ እዚህ ነኝ የምንልበት ነው» አልካቸው።

ያኔ አንድ ነገር ልነግርህ ፈልጌ በቀልድ አለፍኩት። በአገራችን በ1999 ዓ.ም ቆጠራው ሲደረግ እኔ በሱዳን በኩል ወጥቼ ወሬዬ ጠፍቶ ነበር። የሆነውን እናትህ ጌጤ በኋላ በስልክ ነገረችኝ። ቆጣሪው ቦርሳውን አንግቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ «እማማ፣ ስንት ልጆች አሉዎት?» ሲላት፣ «ልጅ አይቆጠርም፤ የእግዜር ናቸው» ትለዋለች። «እሺ፣ በየስማቸው ይጥሯቸው» ይላታል። እሷ ስትጠራ አንተ ከአጥሩ ጀርባ ሆነህ ድምፅህን እየለዋወጥክ እቤት ለሌሉት ሁሉ «አቤት» ትል ነበር አሉ፤ ከብት ሊያግድ ለሄደው፣ ውኃ ልትቀዳ ለወረደችው። ቆጣሪው ሊሄድ ሲል ጌጤ ድምፅዋ ተሰብሮ «እንዳሻው» ብላ ተጣራች። አንተ እንደ ትልቅ ሰው ድምፅህን አወፍረህ «አቤት» አልክ።

ያን ቀን እኔ ምድረ በዳ ላይ፣ የጭነት መኪና ጥላ ሥር ተኝቼ ነበር። ማንም አልቆጠረኝም። በኋላም እዚህ ሮም፣ ፖንቴ ማሞሎ የነበረችው የስደተኞች ዛኒጋባ ሰፈራችን ስትፈርስ እዚያ ስንት ሰው እንደምንኖር የሚያውቅ አልነበረም። አገራችን ደግሞ ከ1999 ወዲህ ሌላ ቆጠራ አላደረገችም። ስለዚህ በወረቀት ደረጃ እኔ ዛሬም ጌጤ ግቢ ውስጥ ነኝ፤ ያኖርከኝ አንተ ነህ።

አሁን ሳትሰማ ለዘጋኸው ጥያቄ መልሴን ስማ። ቅስናውን ብትተወው አልቀየምህም። ብትቆይም፣ ሮም ብትመለስም፣ ያው የእህቴ ልጅ ነህ። በሩን ዘግተህ ብቻህን መወሰንህን ግን አልወድም። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ጠዋት እዚያው ስልክ ላይ የሰማያዊውን በር ቁልፍ ዶና አሱንታን ለመንኳቸው። «ጣሪያው ያፈሳል» አሉኝ። «እኔም አፈሳለሁ፣ እንስማማለን» አልኳቸው። ስቀው እሺ አሉ። ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ። ቅዳሜ ከቲቡርቲና መናኸሪያ በሚነሣው አውቶቡስ እመጣለሁ። ሬዚደንሳዬን፣ የነዋሪነት ምዝገባዬን፣ እዚያው አወጣለሁ፤ በእርግጥ እዚያ እኖር እንደሆነ ሊያረጋግጥ የማዘጋጃ ቤቱ ፖሊስ፣ ቪጂሌው፣ ሲመጣ፣ ለእሱም አቤት እለዋለሁ። የመንደሯ ሰው በአንድ ይጨምራል። አሮጌና ተሳዳቢ ቢሆንም ሰው ነው።

በርህን መጥቼ አላንኳኳም። ላትከፍትልኝ ትችላለህ፤ ያንን ደግሞ አልችለውም። ማንኳኳት የአንተ ሥራ ነው። ከቅዳሜ ጀምሮ መስኮቱን ከፍቼ፣ ከበሩ ጀርባ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ጸበል ባትይዝም ግድ የለም።

እንግዲህ አባቴ፣ ወደ «እርስዎ» ተመልሻለሁ። ይምጡና ያንኳኩ። ከውስጥ አቤት የሚል ሰው አለ።

እጅዎን የሚስም አጎትዎ፣
እንዳሻው