በምስክርነቴ ላይ አምቡላንስ ላስጮሁልኝ ለወንድም አቤኒ

ለተከበሩ ወንድም አቤኒ፣
የቤተ ክርስቲያናችን የሚዲያ አገልግሎት ኃላፊ፣ የአጫጭር ቪዲዮዎች አቀናባሪና የድምፆች ሁሉ አዛዥ፤
ጁባ።

ከሁሉ አስቀድሜ የጌታ ሰላም ይብዛልዎ እያልሁ፣ ጤናዎ፣ ጆሮዎ፣ በተለይም ከላፕቶፕዎ ላይ የማይነሣው ቀኝ እጅዎ እንዴት እንደ ሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ እዚሁ ጁባ፣ ሃይ ማላካል ሰፈር ቁርስ ቤት ያለኝ እህትዎ ተሻለች፣ ምንም እንኳ በአገሬ ድንኳን ተተክሎ የተለቀሰልኝ ሴት ብሆንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን እጅግ ደህና ነኝ። እስካለፈው ወር ድረስ አንተ እልዎት እንደ ነበር አልዘነጋሁም፤ ነገር ግን ጁባ ተቀምጦ በሆሳዕና ከተማ፣ እናቴ ደጅ ድንኳን ያስተከለን ሰው አንተ ማለት ድፍረት ስለመሰለኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ለማለት ወስኛለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። ከጁባ የወንዝ ወደብ ዓሣ ገዝቼ ስመለስ የተሳፈርሁበት ቦዳቦዳ፣ ያ የኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ተንሸራትቶ ጣለኝ፤ ዓሣው ተበተነ፣ ቀሚሴ ተቀደደ፣ እኔ ግን አንዲት ጭረት ሳትነካኝ ተነሣሁ። እሁድ በምስክርነት ሰዓት ወጥቼ ይህንኑ ለጉባኤው ተናገርሁ። እርስዎም ቀረጹኝ፤ በስልክ ቁመት ልክ ቆርጠው፣ እርስዎ እንደሚሉት «ትንሽ ሕይወት ዘርተውበት»፣ ለዓለም ለቀቁት። ስለ ዘሩብኝ ሕይወት ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. «ወደቅሁ» ባልሁበት ቦታ የጎማ ሲጥታ፣ የመስታወት ስብርባሪ፣ የማላውቃት ሴት ጩኸትና የአምቡላንስ ሳይረን ስላስገቡልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ የወደቅሁት ለስላሳ ጭቃ ላይ ነበር፤ ነጂውም «ማፊ ሙሽኪላ»፣ ችግር የለም፣ ብሎ ሞተሩን አቁሞ ዓሣዬን ለቃቅሞልኝ መንገዳችንን ቀጥለናል። እርስዎ በቦታው ሳይኖሩ ከእኔ የበለጠ መስማትዎ ስጦታ ነው። አሁን የሰፈራችን ቦዳ ነጂዎች ለመሳፈር እጄን ባነሣሁ ቁጥር ሳይረኑን ከስልካቸው እያስጮሁ ስለሚቀበሉኝ፣ እንደ ሚኒስትር መንገድ ተለቅቆልኝ እሄዳለሁ።

፪. «ተነሣሁ» ስል ያስገቡት፣ እንደ ፍራሽ ስፕሪንግ «ቧይይንግ» የሚለው ድምፅ ልዩ ምስጋና ይገባዋል። የሃይ ጀላባ ሰፈሩ ጅምላ ነጋዴ ሙኽታር፣ ሰው አክባሪና ቁም ነገረኛ ደንበኛዬ፣ ከወንበሬ በተነሣሁ ቁጥር ስልኩን እየነካ ቧይይንግ ያሰኝብኛል። ልዋሽ አልችልም፣ እኔም ሆዴን ይዤ ስቄአለሁ፤ አንድ ቀንማ ሙሉ ሳህን ፉል ከእጄ አምልጦኛል።

፫. እናቴን ወይዘሮ ሰገነትን በሚመለከት ግን ሳቄ ይቀንሳል። ዐይኗን ሞራ ስለ ጋረዳት ቪዲዮ አታይም፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች እንጂ። ቧይይንግዎ «ተነሣሁ» የሚለውን ቃሌን ሙልጭ አድርጎ ስለ ዋጠው፣ እናቴ የሰማችው ልጇ «ወደቅሁ» ስትል፣ ከዚያ ግጭቱን፣ ጩኸቱን፣ አምቡላንሱን ነው። ቧይይንጉን ሌላ መኪና ደገማት ብላ ተረዳችው። አጭር ቪዲዮ ሲያልቅ ደግሞ ራሱን ስለሚደግም፣ እስኪነጥቋት ድረስ ደጋግሜ ሞትሁባት። ስትደውልልኝ ጄኔሬተር ጠፍቶ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነበር። መብራት መጥቶ እስክደውል እድሩ ድንኳን ተክሎ፣ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ ጠበቀኝ፤ ስልኩን ያነሣችው አክስቴ ፀጋም «ሃሎ» ስላት ስልኩን ወርውራ ሮጠች። ለቀስተኞቹ ግን ንፍሮው እስኪያልቅ እንዳልተነሡ ሰምቻለሁ።

ድንኳኑ ተነቀለ፤ የእናቴ ልብ ግን አልተመለሰም። እኛ ዘንድ መርዶ ለእናት በድንገት እንደማይነገር፣ ቀን እንደሚመረጥለትና እስከዚያ «ደህና ናት» እንደሚባል ያውቃሉ። ያልነበረ ድምፅ በስልክ ሊገባ እንደሚችል ጎረቤቶቿ ካስረዷት ወዲህ፣ «እማዬ፣ እኔ ነኝ» ባልኋት ቁጥር ይህም የተቀናበረ ነው፣ አትደብቁኝ እያለች ታለቅሳለች። እህልም እየገፋች እንደሆነ ነግረውኛል።

፬. «ተነሣሁ» ካልሁ በኋላ ዝም ብዬ ነበር፤ ጉባኤውም አብሮኝ ዝም ብሎ ነበር። እርስዎ ግን እዚያ ላይ የፌንጣ ጩኸትና የሚያላዝን ዋሽንት አስገቡበት። ባዶ ቦታ መስሎዎት ይሆናል። ወንድም አቤኒ፣ ባዶ አልነበረም። ሳልነሣ ብቀር ኖሮ ለእናቴ ማን፣ ምን ብሎ ይነግራት ነበር ብዬ አስቤ ቃል አጥቼ ነው። ከሁሉ የከፋኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ምንም ያልተጨመረበትን ቅጂ እንዲሰጡኝ በትሕትና ለመንሁ። እርስዎም ጥሬ ቪዲዮ ማውጣት የአገልግሎቱ አሠራር እንዳልሆነና ማጀቢያ የሌለውን ሰው በጣቱ እንደሚያልፈው በትዕግሥት አስተማሩኝ። እናቴ በጣቷ አታልፈውም። በዚያ ዝምታ መጨረሻ ላይ እንባዬን ለመመለስ አፍንጫዬን የምስባት ነገር አለች፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስትቆጣኝ የኖረችው በእርሷ ነው። ያችን ከሰማች መኖሬን ሌላ ማስረጃ አትጠይቅም። ዝምታዬን ይመልሱልኝ።

ለጆሮዎ ዕረፍትን፣ ለእጅዎ ትዕግሥትን፣ ለላፕቶፕዎ ረጅም የመብራት መጥፋትን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

በሕይወት ያለችው እህትዎ
ተሻለች
ከሃይ ማላካል

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ አክስቴ ፀጋ ከሆሳዕና ደወለችልኝ። እናቴ የእርስዎን ቅጂ መጠበቅ ሰልችቷት የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጣለች፤ እሁድ ከእኛ ጋር ታመልካለች። ፊቴን በእጇ ዳስሳ ካመነች በኋላ፣ ያ አምቡላንስ ያስጮኸው ልጅ ወደሚቀመጥበት ወንበር እንድመራት በአክስቴ በኩል አዝዛኛለች። እባክዎ ካሜራዎን ይዘው ይምጡ፤ የሚሰማው ድምፅ ምንም ማጀቢያ አይፈልግም።