የደም ባንኩ ሎግ ለጠፋበት አኳኋን ለመረጃ ቴክኖሎጂ ዳይሬክተራችን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የሆስፒታላችን የመረጃ ቴክኖሎጂ ዳይሬክተር፤ ለተከበሩት ምክትላቸው፤ ቁጥራቸው ከታካሚዎቻችን ለመብለጥ ጥቂት ለቀረው የዳይሬክቶሬቱ ኮሚቴ አባላት፤ በመጨረሻም፣ በማዕረግ ከሁላችሁ ዝቅ ብሎ ምድር ቤት ውስጥ ለሚያጉረመርመው ሰርቨር፦

ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደምን አለ? አዲስ ወንበር እንደገባልዎና ወገብዎ እንደተሻለው ሰምቼ ከልብ ተደስቻለሁ። የተሸከሙት ኃላፊነት ሳይኖር ወገብዎ በምን እንደታመመ ለሐኪሞቻችንም እንቆቅልሽ ሆኖባቸው ነበር።

እኔ የሆስፒታሉ ቦርድ ሰብሳቢ እንደመሆኔ ይህን ጉዳይ በቢሮ ውስጥ ባነሳው ይሻል ነበር። ሆኖም እርስዎ የደም ባንካችንን ሠራተኛ የከሰሱበትን ደብዳቤ በዋናው መተላለፊያ ግድግዳ ላይ ስለለጠፉት፣ መልሱም አላፊ አግዳሚው ሊያነበው በሚችልበት ቦታ እንዲውል ፈቅጃለሁ። ምስጋናዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ባለፈው ወር የደም ማቀዝቀዣዎችን ሙቀት በሚከታተለው ሰርቨር ላይ አዲስ የሎግ ሶፍትዌር እንዲጫን በማዘዝዎ አመሰግናለሁ። ለማያውቅ አንባቢ፣ ሎግ ማለት ኮምፒዩተር የሠራውን፣ ያቆመውንና የተበላሸበትን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚጽፍበት መዝገብ ነው። ሶፍትዌሩ የሚጫነውም በኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ በሚከፈት ጥቁር መስኮት ውስጥ በሚጻፍ አንድ መስመር ትእዛዝ ሲሆን፣ ትእዛዙን ተቀብሎ የሚጭነውና የሚያነሳው የፓኬጅ አስተዳዳሪ የሚባል ፕሮግራም ነው። ይህ አስተዳዳሪ እኛ ከለመድናቸው አስተዳዳሪዎች በአንድ ነገር ይለያል፤ ጥፋት ከማድረሱ በፊት ምን እንደሚጠፋ ይዘረዝርና «ልቀጥል?» ብሎ ይጠይቃል።

ሁለተኛ፤ ይህ ጥያቄ ሥራ ያጓትታል በማለት፣ ከእንግዲህ በየትእዛዙ መጨረሻ ላይ «አዎ» የሚለው መልስ አስቀድሞ እንዲጻፍ ሰርኩላር ስላስተላለፉ አመሰግናለሁ። አዲሱ የሎግ ሶፍትዌርና ነባሩ በአንድ ማሽን ላይ አብረው አይኖሩም፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ማሽኑ ይህንኑ ጻፈ፤ «አዎ» ስለተባለ ግን መልስ አልጠበቀም። በቦታው የነበረው ቴክኒሻን ትእዛዙ ሲጻፍ አይቶ «ቆይ ቆይ፣ ነባሩን ሊያነሳው ነው እኮ!» ቢል፣ ምክትልዎ «አለቃ አዎ በሉ ብለዋል አይደል? አንተ ማን ነህ የምታስቆመው? ይልቅ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ሥራውን ጨርስ!» ብለው ተግሣጻቸውን እንደሰጡት በአክብሮት ተነግሮኛል። ነባሩ ከነቅንብሩ ወጣ። አዲሱ ገባ፤ ምን መጻፍ እንዳለበትና የት እንደሚጽፍ የነገረው ሰው ግን አልነበረም። ለቦርዱ የደረሰው ሪፖርት «በስኬት ተጭኗል» ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ይረዝማል፤ ይታገሡኝ። እሑድ እኩለ ቀን ላይ አንደኛው ማቀዝቀዣ ሞቀ፤ በውስጡ የነበረው ደም ሁሉ ተደፋ፤ ለቀዶ ሕክምና ተዘጋጅታ የነበረች እናት ከነፍርሃቷ ወደ አልጋዋ ተመለሰች። ተረኛዋ፣ ባልደረቦቿ ከጥንቃቄዋ ብዛት «እመት ጠንቃቃ» የሚሏት ሴት፣ ስክሪኑ አረንጓዴ እንደነበረና ደወሉም እንዳልጮኸ ተናገረች። ደም ልትወስድ የመጣችው ነርስ አጠገቧ ቆማ ነበር፤ እሷም ምንም አልሰማችም። የነርሷን ጆሮ ግን ማንም አልጠየቀም። ምክትልዎ «እትዬ፣ የሙቀት መከታተያው ሲስተም ቆሞ ቢሆን ኖሮ ሎጉ ይጽፈው ነበር፤ ምንም አልጻፈም፤ ስለዚህ አልቆመም፤ ካልቆመ ደግሞ ደወሉ ጮኋል» ብለው አስረዷት። እሷም «እንግዲያው እሱ ዝም ስላለ እኔ ዋሸሁ ማለት ነው፣ ልጄ?» አለች። ለዚህ ጥያቄ እስካሁን የተሰጠ መልስ ቢኖር፣ ከሥራ መታገዷና የሙያ ፈቃዷ እንዲሰረዝ በእርስዎ ፊርማ የተጠየቀው ጥያቄ ነው።

ክቡር ሆይ፣ በረጅም የአገልግሎት ዘመኔ ሐሰተኛ ምስክር አይቻለሁ፤ የተገዛ ምስክርም አይቻለሁ። ምስክሩን ከቤት አስወጥቶ በሩን ከዘጋ በኋላ «አያችሁ? አልተቃወመኝም» ብሎ የሚፈርድ ሰው ያየሁት ግን በእርስዎ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ እርስዎ ግን ዳውላውን ብቻ መትተው አላበቁም፤ ተመትቶ ለምን ጮኸ ብለው ከሰሱት።

ለሃያ ዓመት አንድ ከረጢት ደም ያላበላሸች ሴት፣ ከሳምንት ወዲህ ለምርመራ ተጠርታ በመተላለፊያው ስታልፍ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ልጇ ከትምህርት ቤት ተመልሶ «እማዬ፣ ሰው ገደልሽ እንዴ?» ብሎ ጠይቋታል። ይህንንም ከሥራ ውጤቶችዎ ዝርዝር ውስጥ እንዳይዘነጉት በትሕትና አሳስባለሁ።

ቦርዱ ትናንት ነርሷን ሰምቶ እገዳውን አንስቷል። ነባሩ የሎግ ሶፍትዌር ተመልሶ ይጫናል፤ ሰርኩላርዎም ተሽሯል። የፈቃድ ስረዛውን ጥያቄ መሳብ የሚችለው ግን የጠየቀው ሰው ብቻ ስለሆነ፣ እስከ መጪው ዓርብ ጥያቄዎን እንዲስቡና ክሱ በተለጠፈበት ግድግዳ ላይ ይቅርታ እንዲለጥፉ እንጠብቃለን። ካልሆነ ቦርዱ የሚወያየው ስለ እሷ ፈቃድ ሳይሆን ስለ እርስዎ ወንበር ይሆናል።

ይህን ሁሉ ስላነበቡልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ለእርስዎ፣ ለምክትልዎና ለኮሚቴዎ የተቃና የሥራ ዘመን እመኛለሁ፤ ምኞቴም ሕሙማን በማይገኙበት ሌላ መሥሪያ ቤት እንዲሰምር አጥብቄ እጸልያለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የሆስፒታሉ ቦርድ ሰብሳቢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እመት ጠንቃቃ ካሳ አልጠየቀችም። የጠየቀችው ይቅርታው በራስዎ እጅ ጽሑፍ እንዲሆን ብቻ ነው፤ ልጇ እንዲያነበው። እኔም ባለፉት ዓመታት ከእርስዎ የደረሰኝ ሁሉ በሌላ ሰው ተተይቦ የመጣ ስለሆነ፣ ይጻፉ አይጻፉ በርግጠኝነት ልነግራት አልቻልኩም። ዓርብ ሩቅ አይደለምና፣ ከወዲሁ ቢለማመዱ።