ከብልባላ የሄደችው አምቡላንስ

ይድረስ ለተከበሩ የ«ደጋ እናቶች» የእርዳታ ድርጅት ኃላፊ፣
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ ለመሥሪያ ቤትዎም የማይነጥፍ ለጋሽ እየተመኘሁ፣ እኔ በላስታ ብልባላ መምህር የሆንኩት ወርቅአገኘሁ ታፈረ ምስጋናዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ድርጅትዎ ለዩክሬን በጎ ፈቃደኛ ሲጠራ የጤና ጣቢያችን አዋላጅ ሲስተር ኢንግሪድ ሄዱ። መሄዳቸውን አልቃወምም፤ ጦርነት ሰውን ምን እንደሚያደርግ እኛም አይተነዋል። ነፍሰ ጡር የነበረችው ባለቤቴ አመተ ሥላሴ ለመንገዳቸው ቆሎ ቋጠረችላቸው። «እዚያም የሚወልዱ አሉ» ቢሏት፣ «እነሱንም ማርያም ትማራቸው» አለቻቸው።

ሁለተኛ፣ የጤና ጣቢያችንን አምቡላንስም ስለወሰዱልን እናመሰግናለን። የመጡት ሠራተኛዎ ለጋሾች ፊታቸውን ወደ ዩክሬን ማዞራቸውን በጥሩ አማርኛ አስረዱን። መኪናዋም ዩክሬን ትሄድ እንደሆነ ብንጠይቃቸው፣ አዲስ አበባ ግቢያችሁ ውስጥ እንደምትቆም ነገሩን። ግቢው ጥላ እንዳለው ተስፋ አደርጋለሁ፤ የላስታ ፀሐይ ቀለሟን ጎድቶት ነበር።

ሦስተኛ፣ በሐምሌ የአመተ ሥላሴ ምጥ ሲጠና ወደ ቢሮዎ ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት ወይዘሪት፣ ብልባላ ለጊዜው የትኩረት አካባቢያችሁ አለመሆኑን ገልጸው ስለ ትዕግሥቴ አመሰገኑኝ። ያንን ጭቃ የሚደፍር ሌላ ሾፌር ስላጣን ጎረቤቶቼ በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ ላሊበላ ጉዞ ጀመርን። መንገድ ላይ ወለደች፤ ደሟ ግን አልቆም አለ።

«አለቀሰች?» አለችኝ፣ ስለ ልጅቱ።

«አለቀሰች» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀችም። ሰዎቹ ቃሬዛውን አውርደው ቆሙ፤ ወደፊት እንሂድ ወይስ እንመለስ የሚል ጠፋ። በመጨረሻ የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ሰንበት «ወደ ቤቷ እንውሰዳት» አሉ። ተመለስን። ልጅቱን ጎረቤቴ ሸጌ ከራሷ ልጅ ጋር ታጠባታለች።

መርዶውን ለሲስተር ኢንግሪድ በስልክ መልእክት ላክሁላቸው። ይቅርታ ጠየቁኝ። ከቀናት በኋላ ደግሞ ምድር ቤት ውስጥ፣ ቦምብ ሲወርድ፣ አንዲት ሴት እንዳዋለዱ፣ እናትና ልጅ ደህና እንደሆኑ ጻፉልኝ። ደስ ሊለኝ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። መከፋትም አልሆነልኝም። «ማርያም ማረቻት» ብዬ መለስኩና ክፍል ገብቼ አስተማርኩ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን ምንም አልጠይቅም። ዓለም የሁለት አገር ምጥ በአንድ ጊዜ መስማት እንደማይችል አውቀናል፤ ተራችን እስኪደርስ ዝም ብለን እንጠብቃለን።

ከትኩረትዎ ውጭ ሆኖም ማክበሩን ያልተወ፣
ወርቅአገኘሁ ታፈረ
ብልባላ

ከፈረምኩ በኋላ ያስታወስኩት፦ የዘንድሮ ካሌንደርዎ ላሊበላ አንድ ቢሮ ተሰቅሎ አየሁት። በኅዳር ገጽ ላይ አመተ ሥላሴ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ ከሥሯ «እናቶችን እንታደጋለን» ይላል። ይነሳልኝ አልልም። የእኔ ስልክ ፎቶ ስለማያነሳ ሌላ ምስል የላትምና፣ ልጅቱ እናቷን የምታይበት አንድ ቅጂ ቢልኩልን።